«ግማሽ ደርሶ ነበር»

ዘመሮ ከተማ ውስጥ በዚያ ጠዋት የኮምፒውተር ጥገና ሱቁን በር የከፈተ ሁሉ እየጮኸ ወጣ። ጠጋኙ አፈወርቅ ጭንቅላቱ በመዶሻ ተፈርክሶ፣ ደሙ ጠረጴዛው ሥር ረግቷል። ኢንስፔክተር ትርሲት ስትደርስ ግን ሬሳውን ለማየት እንኳ ፋታ አላገኘችም። የሟች ወንድም ኪዳነ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር የባስልዮስን አፍንጫ በጠመንጃው ሰደፍ ሰብሮ ግንባሩ ላይ አነጣጥሯል።

«እህቴ፣ ዞር በይ! የወንድሜን ደም ልመልስ!»

«መጀመሪያ ልጠይቅ። ካልጠበቅህ እኔን አስቀድመህ ግደል።» ብላ አፈሙዙ ፊት ቆመች።

ባስልዮስ ደሙን እየጠረገ፣ «ትናንት ተጣልተናል፣ አልዋሽም» አለ። «አምና የተገዛው የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር አዲሱን ዊንዶውስ አልቀበልም ሲል ‹አበላሸኸው!› ብዬ ጮኽሁበት። ከዚያ ቤቴ ገባሁ።»

«ከእሳቸው በኋላስ ማን ነበር?»

«እኔ» አለ የሱቁ ሸሪክ ኃይለመስቀል። ኮምፒውተሩን ለትምህርት ቤቱ ያቀረበው እሱ ነው። «ምስኪን! ዊንዶውሱን እየጫነ ተለየሁት። ግማሽ ደርሶ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስወጣ መምህሩ ሲመለሱ አገኘኋቸው።»

«ግማሽ» የምትለዋ ቃል ትርሲትን ቆረቆረቻት። ኮምፒውተሩን ከፍታ ዊንዶውሱን ለመጫን ሞከረች። ማሽኑ ገና ከመጀመሩ የደኅንነት ቺፕ የለኝም ብሎ ቆመ። ሽፋኑን ብትፈታው ቆርቆሮው አዲስ፣ ውስጡ ያለው ቦርድ ግን ያረጀ ነው።

«ሁላችሁም ስሙ» አለች። «አዲሱ ዊንዶውስ ምስጢር የሚጠብቅለት ቺፕ ቦርዱ ላይ ካጣ ከደጅ ይመለሳል፤ ግማሽ ብሎ ነገር የለም። አምና የተገዛ ኮምፒውተር ደግሞ ያ ቺፕ አይጠፋበትም። ስለዚህ አንድ ሰው አዲሱን ቦርድ ነቅሎ አሮጌ ተክቶበታል። አፈወርቅ ሽፋኑን ሲፈታ ደረሰበት። አቶ ኃይለመስቀል፣ አቅራቢው እርስዎ ነዎት። ያልነበረውን ነገር ነው አየሁ ያሉን።» ድንገት እርስዎ ማለቱን ተወችው። «የገደልኸው አንተ ነህ!»

ኃይለመስቀል ካቻቢቴውን ከጠረጴዛው ላፍ አድርጎ ክንዷ ላይ ሰካባት። ሁለተኛ ሳይሰነዝር የኪዳነ ሰደፍ የእጁን አንጓ ሰበረው፤ የአጥንቱ ድምፅ ውጭ ድረስ ተሰማ።

ኪዳነ አፈሙዙን አዞረበት። አሁንስ ተኮሰ ሲባል ጥይቶቹን አራግፎ ደረቱ ላይ በተነበት።

«እንካ! ማለዳ ‹ወንድ ከሆንህ ባስልዮስን ድፋው› ብለህ የሰጠኸኝ ጥይት ነው!»

ከዚያ ወጣ። ከአጥሩ ድንጋይ አንሥቶ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ተመለሰና ባስልዮስ እግር ሥር ተንበረከከ።

ባስልዮስ ደሙ አሁንም እየፈሰሰ፣ «አውርደው፣ ኪዳነ» አለው። «የወንድምህን ሬሳ የምንሸከምበት ትከሻ ነው፤ አትጉዳው።»