ከአሻራው በላይ ያለው ባዶ ቦታ

መሪጌታ ገብረ ዮሐንስ የሞቱት ለምክር ቤት አባላት ቃላቸውን ሊሰጡ አራት ሰዓት ሲቀራቸው ነው። ኢንስፔክተር ፀደይ ላሊበላ አጠገብ ወዳለችው ገነተ ማርያም ስትደርስ አስከሬናቸው ከዓለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ካለው ጥልቅ ጉድጓድ ወለል ላይ እንደወደቀ ነበር። ጫማቸው እግራቸው ላይ ነው፤ ማሰሪያው አልላላም። ነጠላቸው አፋቸውን ሸፍኖ ከማጅራታቸው ላይ ተቋጥሯል። ትከሻቸው ላይ የተንጠለጠለው የቆዳ ማኅደር ግን ባዶ ነው።

«ታፍነው ይሆን እንዴ?» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

«ያፈነ ሰው ቋጠሮ እንዲህ አያሳምርም። ራሳቸው ናቸው ያሰሩት።»

ማኅደሩ ውስጥ ምን እንደነበረ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የብልባላ ገበሬዎች ከአንድ የብድር ማኅበር ገንዘብ ሲወስዱ ውሉ በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። ገበሬው ሁለቱም ላይ አውራ ጣቱን ያትማል። የስሙ፣ የወለዱና የመያዣው ቦታ «በኋላ ይሞላል» ይባላል። በኋላ ሲሞላ ታዲያ የሚሞላው የማኅበሩ ቅጂ ብቻ ነው፤ በገበሬው እጅ ያለው አሻራውን እንደያዘ ባዶውን ይቀራል። መሪጌታ እነዚህን ባዶ ቅጂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ አርባ ሦስት ሰበሰቡ። የክልሉ ምክር ቤት የሸማቾች ጥበቃና የብድር አዋጅ እያረቀቀ ነው። አንቀጽ አሥራ ሰባት፣ በባዶ ውል ላይ የተወሰደ አሻራ ዋጋ የለውም፣ በዚያ የተያዘ የመሬት ደብተርም ለባለቤቱ ይመለሳል ይላል። አንቀጹ ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለውን ለመወሰን ሦስት የምክር ቤት አባላት በኮሚቴ ሆነው ከባሕር ዳር ላሊበላ መጥተዋል። ስብሰባው ዛሬ ግንቦት ሃያ አንድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ከጉድጓዱ አፍ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ትሁን ትባላለች፤ የብልባላ ባልቴት ናት። የመሬት ደብተሯ ማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሰኔ ሲገባ መሬቷን ለሌላ ሊያከራዩባት ነው።

«ወረቀቱ ተገኘ?» አለች።

ፀደይ ተናደደች። «ማን ገደላቸው አትዪም?»

«እሳቸውማ ሞቱ፣ እቴ። ወረቀቱ ተገኘ ወይ?»



መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ ከጉድጓዱ በላይ ባለው ገደል ጫፍ ላይ ተቀምጠው የኮሚቴውን መኪና ሲጠብቁ ያነጋገሯቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስቱም የደረሱት ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ከተበተነ ወዲያ ነው።

የመጀመሪያው የሻው፣ የማኅበሩ የቅርንጫፍ ኃላፊ ነበር። ሸሚዙ ተተኩሷል።

«ልለምናቸው ነው የመጣሁት» አለ። «በሽምግልና እንጨርሰው አልኳቸው።»

«ምን አሉዎት?»

«ምን ይላሉ! ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጠላቸውን እንኳ ከአፋቸው አላነሡልኝም። ንቀት ነው፣ ሌላ ምን ይባላል?»

ሁለተኛው ባምላክ፣ የኮሚቴው የሕግ ባለሙያ ነው። ጫማው ላይ ያለውን አቧራ ደጋግሞ ያያል።

«ሰነዱን አስቀድሜ ፎቶ ላንሣው ብዬ ነበር። ማኅደሩን አቅፈው በጣታቸው ፀሐይዋን አሳዩኝ። ከሰዓት ማለታቸው መሰለኝ።»

«በቃል አልነገሩህም?»

«አንዲት ቃል አልወጣቸውም።»

«ብታነሣው ኖሮ...»

«አትንገሪኝ» አላት። «ከጠዋት ጀምሮ እሱን ነው የማስበው።»

ሦስተኛው ጋሻዬ ነው፤ የብልባላ ተበዳሪዎች የቡድን መሪ፣ የሟቹ አበልጅ። ዓይኖቹ አብጠዋል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ እሱ ግን ጋቢውን አጣፍቶ አንዱን ጫፍ ብብቱ ሥር ወትፏል።

«በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፣ ልጄ» አለ። «ማርያምን ሰግጄላት ልምጣ አሉኝ። አንድ ሰገዱ፣ ሁለት ሰገዱ፣ በሦስተኛው ሲነሡ እግራቸው ከዳቸው።»

«አናገሩዎት?»

«እንዴት አያናግሩኝ! አበልጄ አይደሉ!»

«ጫማቸውን ሳያወልቁ ሰገዱ?»

ጋሻዬ ጋቢውን ወደ ብብቱ ሳበ። «ቸኩለው ነው መሰለኝ። መኪና እየጠበቁ አይደል።»

«ቅዳሴ ላይ አልነበሩም?»

«ላሊበላ አድሬ ረፈደብኝ።»

ፀደይ አመስግናው፣ ጋቢው እርጥብ መሆኑን ልብ ብላ፣ ቁልቁል ከብት ወደሚጠጣበት ኩሬ ወረደች። የኩሬው ዳር ወይን ጠጅ መልክ ይዟል። ፖሊሱ እጁን እስከ ክንዱ ሰድዶ ድንጋይ የተጫነበት የወረቀት ክምር አወጣ። አርባ ሦስት ነው። ፀደይ አንድ በአንድ ገለጠችው፤ ከዚያም ስትመለስ ቀዳሹን ቄስ የኔሰውን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃ፣ እሳቸውንም ይዛ ወደ ላሊበላ ተነሣች።

አዳራሹ ሞልቷል፤ ሦስቱ ሰዎችም አሉበት። የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ወይዘሮ ጽጌማርያም ሰዓታቸውን አዩ። «ኢንስፔክተር፣ ሃያ ደቂቃ አለሽ። ከዚያ ወደ አጀንዳችን እንገባለን።»

ፀደይ ቆመች። «መሪጌታ አልወደቁም፤ ተገፍተው ነው። ከወደቁማ ማኅደሩን ማን ባዶ አደረገው? አቶ የሻውን በቃል አልመለሱላቸውም። ለባምላክ በጣት ነው ያመለከቱት። ሁለቱ ሳይማከሩ አንድ ነገር ነገሩኝ፦ ሰውዬው አፋቸውን ሸፍነው ዝም ብለው ነበር። ሦስተኛው ሰው ግን አናገሩኝ አለ።» ወደ ቄስ የኔሰው ዞረች። «አባ፣ ዛሬ ከቆረቡት መካከል ማን ነበር?»

«ገብረ ዮሐንስ ነዋ» አሉ ቄሱ። «ለሕግ ሰዎች እውነት ልናገር ስለሆነ ሥጋ ወደሙ ተቀብዬ ልሂድ ብሎ።»

«የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ይሰግዳል?»

«ኧረ ምን ሲባል! አይሰግድም። ባዶ እግሩንም አይሄድ። ከአፉ ነገር እንዳይወጣ ሸፍኖ ይውላል።»



«ቅዳሴ ላይ የነበረ ሰው እንዲህ ያለ ውሸት አይዋሽም» አለች ፀደይ። «አርፍዶ የመጣ ግን ሟቹ ገደል ጫፍ ላይ ለምን እንደቆሙ ምክንያት ሲፈልግ፣ ለመሪጌታ የሚስማማው ስግደት ይመስለዋል። አቶ ጋሻዬ፣ ጋቢዎን ይግለጡት።»

ጋሻዬ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ጫፉን ከብብቱ ሳበው። ወይን ጠጁ የአሻራ ቀለም ነጩን ጋቢ አንድ ክንድ ያህል አበላሽቶታል።

«አፉን የሸፈነው ለብርድ መስሎኝ» አለ ጋሻዬ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ቁጭ አለ። «ማኅደሩን ነው የሳብኩት። እሱን ልገፋ አልነበረም። ልመናዬን እየሰማ ዝም ሲለኝ... ዝም አለኝ እኮ! በማኅበሩ ቅጂ ላይ ወለዱን የምሞላው እኔ ነኝ። በአንድ ሰው ይህን ያህል ይሰጡኛል። ትናንት የሻው ደውሎ ወረቀቱ አዳራሽ ከገባ የምትታሰረው አንተ ነህ አለኝ።»

«ያልኩት እውነት ነው» አለ የሻው። «እውነት መናገር ደግሞ ወንጀል አይደለም።»

ፀደይ ባምላክን አየችው። ባምላክ መሬት መሬት አየ። «ወንጀል አይደለም» አለ።

ጋሻዬን ይዘውት ወጡ። የሻው አልተቀመጠም። «ክብርት ሰብሳቢ፣ ማኅበራችን ተበዳይ ነው። የገበሬው የራሱ መሪ አታለለን። ሰው በገደለ ሰው ቃል አዋጅ ይወጣል?»

«ወረቀቶቹ አሉ» አለች ፀደይ፤ ክምሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወይዘሮ ጽጌማርያም አንዱን አነሡ። የታተመው ጽሑፍ አለ፤ ባዶው ቦታም አለ። አሻራው ግን የለም፤ ስም የሌለው ውል ላይ ከገበሬው የነበረውን ብቸኛ ነገር ውሃው አጥቦታል።

«ይሄማ ያልተሞላ ቅጽ ነው» አለ የሻው ለስለስ ብሎ። «ቢሯችን በካርቶን አለ።»

ትሁን ከኋላ ተነሣች፤ አውራ ጣቷን ከፍ አድርጋ ይዛለች። «እኔ አለሁ እኮ! ጣቴ ይኸው። ባዶ ላይ ነው ያተምኩት።»

«ጣትሽማ እኛ ዘንድ ባለው ውል ላይ አለ፣ እትዬ» አላት የሻው። «እሱ ግን የተሞላ ነው።»

ሦስቱ የምክር ቤት አባላት አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሾኩ። ወይዘሮ ጽጌማርያም ሲናገሩ የትሁንን ዓይን አላዩም። የተናዛዡ ቃል ፍርድ ቤት እስኪያጣራው ማስረጃ አይሆንም፤ ይህ ደግሞ ሁለት ዓመት ይፈጃል። አዋጁ የሚጸድቀው በሰኔ ነው። ስለዚህ አንቀጽ አሥራ ሰባት ከረቂቁ ወጥቶ ለወደፊት ጥናት ይተላለፋል።

«በሰኔ?» አለች ትሁን። «በሰኔ እኮ ነው መሬቴን የሚያከራዩት።»

«መልእክትሽ ተመዝግቧል።»

ፀደይ ገዳዩን በአራት ሰዓት ውስጥ ይዛለች። አለቃዋ ደውሎ አመሰገናት። ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ የምታደርገው ነገር አልነበራትም።

ሕዝቡ ሲወጣ የኮሚቴው ጸሐፊ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ የመገኘት ፊርማ ትሰበስብ ነበር። መጻፍ ለማይችል የቀለም ስፖንጁ ተከፍቷል። ትሁን ተራዋ ደርሶ ወረቀቱን አየችው። ከታች ሠላሳ ያህል ወይን ጠጅ አሻራዎች አሉ። ከላይ ያለው ቦታ ነጭ ነው።

«ላዩ ምን ይላል?» አለች።

«ርእሱ ነው፣ እናቴ» አለች ጸሐፊዋ፣ ቀና ሳትል። «በኋላ ይሞላል።»

ትሁን ፀደይን ዞራ አየቻት። ፀደይ ዓይኗን ወደ ወረቀቱ አወረደች። ከኋላ ሰልፉ ይገፋል፤ ወደ ብልባላ የምትሄደው መኪናም ጡሩንባዋን ታስጮሃለች። ትሁን አውራ ጣቷን ስፖንጁ ላይ አሳረፈች።