የተዋጠ ስም

ምናሴ አገኘሁ ውሸት የማያውቅ ሰው ነበር ብዬ ብነግራችሁ የመጀመሪያው ውሸታም እኔ እሆናለሁ። ሥራው አስጎብኚነት ነው። ከባሕር ዳር እንግዳ በጀልባ ይዞ የጣናን ገዳማት የሚያሳይ ሰው ደግሞ የማያውቀውን ሲጠይቁት «አላውቅም» ከሚል ምላሱን ቢቆርጡት ይመርጣል። ያልነገሠውን ያነግሣል፣ ዘመኑን መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ እንግዶቹም ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። እስከዚያች የጥር ቅዳሜ ድረስ በዚህ አመሉ የተጎዳ ሰው አልነበረም።

ከፀደንያ ጋር ያገናኘውም ይኸው አመሉ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዘጌ ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተንበርክካ የተሣለችን ሴት ለእንግዶቹ እያሳየ፣ ንግሥት እንደነበረች፣ ባሏ በጦርነት ሲሞትባትም እዚሁ እንደመነነች ይተርካል። ከኋላው ነጠላዋን ያጣፋች ልጅ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ግዕዝ አነበበችና፣ ሴትዮዋ ሥዕሉን ያሠሩ የመንደሩ ሰው እንጂ ንግሥት አለመሆናቸውን፣ ባላቸውም በደህና ጤና ከጎናቸው መሣላቸውን በጠራ እንግሊዝኛ ተናገረች። እንግዶቹ ሳቁ። ምናሴስ ከመሳቅ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው?

ሲመለሱ ያችው ልጅ ጀልባው ላይ ነበረች። መንገድ ላይ እንቦጭ ሞተሩን ጠመጠመውና ቆሙ። ነጂው አረሙን እየጎተተ ሲያወጣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስሟ ፀደንያ ሕዝቅኤል መሆኑን፣ የዘጌ መሪጌታ ልጅ መሆኗን፣ ዓባይ ማዶ ባለ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ እንደምታስተምር ነገረችው።

«አላውቅም ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?» አለችው።

ምናሴ ዓይኗን አየ፤ እሷም አየችው፤ ቀድማ ያቀረቀረችው ግን እሷ ነበረች። የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ እንቦጭን በሚራገምበት አገር፣ ያን ቀን እንቦጭን የመረቀው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ተዋደዱ። ከትምህርት ቤቷ በር ላይ ይጠብቃትና በባጃጅ የዓባይን ድልድይ ተሻግረው ሐይቅ ዳር ይወርዳሉ። እሱ ያወራል፤ እሷ ትሰማለች። አንዳንዴ ፀሐይዋ ውሃው ላይ ስትወርድ ያያሉ፤ ያኔ ትከሻዋ ትከሻውን ከነካው ምናሴ ያን ሳምንት ሙሉ ሌላ ነገር አይፈልግም።

በአንድ የጥር ቅዳሜ ለአባቷ ልታሳየው ዘጌ ወሰደችው። መሪጌታ ሕዝቅኤል ሰውነታቸው ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸውን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ከቡናው ጥላ ሥር አስቀምጠው አገሩን ጠየቁት። መሸንቲ ነው አለ። አባቱ እንደሞቱ፣ ሽማግሌ ሆነው የሚመጡት የእናቱ ወንድም ጋሽ አንዳርጋቸው እንደሆኑም ተናገረ። መሪጌታ፣ እንግዲያው ሽማግሌው ሳይመጣ እኛው ትውልድ እንቁጠር አሉ። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ካለ ጋብቻ የለም፤ ይህን የዚያ አገር ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባዋል።

መጀመሪያ የልጃቸውን ቆጠሩ። «ፀደንያ፣ ሕዝቅኤል፣ ገድሉ፣ ዘረሊቅ…» እዚህ ላይ ቆም አሉ፤ ይህ ስም የቤቱ ኩራት ነበርና። ትርጓሜው የሊቅ ዘር ማለት እንደሆነ፣ ከዚህ ቤት በቀር በአገሩ ሁሉ እንዲህ የሚባል ሰው እንደሌለ፣ አያታቸው ዘረሊቅም ቡና በታንኳ እያሻገሩ እስከ መሸንቲ ገበያ ድረስ ይነግዱ እንደነበር አወሩለት። ከዚያም እስከ ሰባተኛው ወጡ።

ምናሴ ከዘረሊቅ ወዲያ ያለውን አልሰማም። ነፍሳቸውን ይማርና አባቱ ያስጠኑት ቁጥር በጆሮው ይጮህ ነበር፦ ምናሴ፣ አገኘሁ፣ ምሥጋና፣ ዘረሊቅ። ከዚያ በላይ አባቱም አያውቁም፤ ምክንያቱም አያቱ ምሥጋና አባቱን ሳያውቅ በእናቱ ዘመዶች እጅ ያደገ ልጅ ነበር። አሁን ገባው። የዘጌው ነጋዴ መሸንቲ ላይ ልጅ ወልዶ ሄዷል ማለት ነው። በትውልድ ቆጠራው ፀደንያ እህቱ ናት ማለት ነው።

ተራው ደረሰ። ቀና ሲል ፀደንያ ከአባቷ ኋላ ቆማ በፈገግታ ታየዋለች።

«ምናሴ፣ አገኘሁ፣ ምሥጋና፣ ዘ…» አለና ምራቁን ዋጠ። «ዘርይሁን።»

የቀሩትን ሦስት ስሞች ከየገዳሙ ግድግዳ ለቃቅሞ ሞላቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱ ግን ሲያመልጠው በደንብ አውቆታል። መሪጌታ መሬት መሬት አዩ፤ ዞር ብለውም ልጃቸውን አዩ። ከዚያ «መልካም ነው፤ አይነካካም» አሉ። ፀደንያ በደስታ አለቀሰች።

ጋሽ አንዳርጋቸው የአባቱን ወገን ከአያቱ በላይ ስለማያውቁ ሽማግልናው ያለ እንከን አለቀ። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ፤ ያውም በቁርባን። ምናሴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው አልሆነም። እጇን ሲይዝ እህቱን የያዘ ይመስለዋል፤ ሲለቃት ደግሞ መልሶ ይይዛታል። ባጃጅ ሲሳፈሩ ከነጂው አጠገብ መቀመጥ ጀመረ። የንስሐ አባቱን በሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ለፍቅር ስል ነው እያለ ራሱን ያባብላል፤ ወዲያው ደግሞ፣ እሷን ሳታውቅ ከነነውሬ ሥጋ ወደሙ ፊት ላቆማት ነው ይልና ይዘገንነዋል። ልተዋት ብሎ አስቦ ነበር። ሳያያት ሁለት ቀን አለፈና በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቷ በር ላይ ተገኘ።

ፀደንያ ታየው ነበር። አንድ ቀን ሐይቅ ዳር፣ ሰልችታው እንደሆነ እንዳይደብቃት በቀስታ ጠየቀችው። የሥራ ድካም ነው አላት። አመነችው። ማመኗ ከሁሉ በላይ አቃጠለው።

ጾሙ ሲጋመስ ለአስጎብኚዎች ማኅበር ከእንግሊዝ አገር ደብዳቤ መጣ፤ ይተረጉመው ዘንድ ለምናሴ ተሰጠ። የጻፉት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት ናቸው። በእንግሊዞች ልማድ ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ሳይሆን ለትውልድ ሁሉ በሚወርድ በአንድ የቤተሰብ ስም ነው፤ የእሳቸው ቤተሰብ ስም ግን ሊጠፋ የደረሰ ነበር። የተነሣው በምዕራብ እንግሊዝ ካለ አንድ ሸለቆ ሲሆን፣ የዚያ አገር ገበሬዎች «ሰ»ን «ዘ» እያሉ ስለሚናገሩ ስሙም በ«ዘ» ተጽፎ ቀርቷል። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ስልሳ ሦስት ሰዎች ይጠሩበት ነበር፤ አሁን ሃያ ሁለት ቀርተዋል፤ አሥራ አንዱ እዚያው ሸለቆ፣ ሰባቱ ለንደን፣ አራቱ አውስትራሊያ። ሴትዮዋ ካርታ ዘርግተው ለእያንዳንዱ ሰው ነጥብ ያኖራሉ። ስሙም ዜርሊክ ነው።

ምናሴ ወረቀቱን አስቀምጦ መልሶ አነሣው።

የሴትዮዋ አያት ወንድም ከመቶ ዓመት በፊት የጣናን ውሃ ሊለኩ መጥተው ነበር። በማስታወሻቸው ላይ እንዲህ ብለዋል፦ ዘጌ ላይ በወባ ሊሞት የደረሰ የአንድ ቄስ ሕፃን በኪኒን ተረፈልኝ፤ አባቱም በስሜ፣ በአገሩ አፍ ዘረሊቅ ብለው ጠሩት። መሸንቲ ደግሞ በቅሎዎቼን የሚጭንልኝ ሰው ወንድ ልጅ ተወለደለት፤ እሱም በስሜ ጠራው። በአንድ ወር ሁለት ሞክሼ አገኘሁ። ሴትዮዋ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ስሙ እዚያ አለ ወይ? ስንት ነጥብ ላኑር?

በማግሥቱ መሸንቲ ሄደ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው እማሆይ ባንቺአየሁ፣ የበቅሎ ጫኙን ልጅ ዘረሊቅን በልጅነታቸው እንደሚያውቁት፣ እዚያው ተወልዶ እዚያው እንደሞተ፣ ሲሞትም ምሥጋና ገና ጡት እንዳልጣለ ነገሩት። ከአጥቢያው ውጭ ውሎ አያውቅም አሉ። መቃብሩንም አሳዩት። ምናሴ ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጦ እየሳቀ አለቀሰ። እህቱ አይደለችም!

ደስታው አንድ ቀን ቆየለት። ከመሸንቲ በተመለሰ በሁለተኛው ቀን ደብዳቤውን ሊመልስ ሲቀመጥ እጁ እምቢ አለው። ሁለት ቤት አለ ብሎ ለመጻፍ አንዱ የኔ ነው ማለት ሊኖርበት ነው። ዝም ቢል ማንም አያውቅም፤ ሠርጉም ይደረጋል። ነገር ግን ፀደንያ እህቱ ሆና ባትገኝም፣ እህቴ ናት እያለ ሊያገባት የተዘጋጀው እሱው ነው። ይህን ራሱ ያውቃል።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀደንያን ሐይቅ ዳር ወስዶ ሁሉን ነገራት። ደብዳቤውን አነበበች፤ ሁለተኛም አነበበች። መጀመሪያ ፊቷ ፈካ፤ ቀስ በቀስ ግን ጨለመ።

«ዘመዴ አለመሆንህን ያወቅኸው ከትናንት ወዲያ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ያን ቀን ግን እህቴ ናት ብለህ እያመንህ ነው የዋሸኸው።»

«አዎ። አንቺን ከማጣት…»

«ስለኔ አታድርገው፣ ምናሴ» አለችና ተነሣች። ድምፅዋ አልጨመረም፤ ቢጨምር ይሻለው ነበር። ነገ ዘጌ ሄደን ለአባባ አንተው በአፍህ ትነግራቸዋለህ ብላው ብቻዋን ሄደች።

በማግሥቱ በጀልባው ላይ ፊትና ኋላ ተቀመጡ። መሪጌታ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሙ። የቤታቸው ኩራት የፈረንጅ ስም ሆኖ ሲገኝ እንኳ ፊታቸው አልተለወጠም። ምናሴ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«ተው ልጄ። ‹ዘ› ብለህ ስትቆም ሰምቼሃለሁ» አሉ።

ምናሴ ቀና አለ።

«አያቴ ዘረሊቅ መሸንቲ የሚነግዱ ሰው እንደነበሩ አውቃለሁ። እዚያ ልጅ ይኖራቸው ይሆን ብዬ ስጠራጠር የኖርሁ ነኝ፤ ሰው ናቸውና። አንተ ስሙን ስትውጥ ነገሩ ገባኝ። ልጄን አየኋት። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ‹አይነካካም› አልሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማኅሌት ስቆም ድምፄ አይወጣልኝም።» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ሁለቱ ጥፋተኞች አቀርቅረው ሳሉ ንጹሕዋ ሰው መሐላቸው ቆማ ነበር። ፀደንያ አባቷንም ምናሴንም ተራ በተራ አየች።

«እርስዎም ስለኔ፣ እሱም ስለኔ» አለች። «እኔን የጠየቀኝ ግን የለም። ደግሞ አባባ፣ እርስዎ ያን ቀን ገና ማየትዎ ነው፤ ሲዋሽ አወቁበት። እኔ ሁለት ዓመት ፊቱን ሳይ የኖርሁት፣ አላወቅሁበትም። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሲዋሽ ከማላውቅበት ሰው ጋር እንዴት አድራለሁ?»

ሠርጉ ቀረ። የቀረበትን ምክንያት ለአገር ያስረዱት መሪጌታ ናቸው፤ ጥፋቱንም ግማሽ ወሰዱት። ምናሴ ንስሐ ገባ፤ የተሰጠውን ቀኖና ጾመ፣ ሰገደ። ለእንግሊዛዊቷም ጻፈ፦ በእኛ አገር ስም ከአያት አያልፍም፤ የአያቴ አባት ስም በመታወቂያዬ ላይ የለም፤ ስለዚህ ስሙ ጠፍቷል፤ ሰዎቹ ግን በሁለት ቤት አሉ፤ እኔ አንዱ ነኝ። ሴትዮዋ፣ ካርታው ላይ ከጣና ዳር ለሁለቱ ቤት ሁለት ነጥብ ማኖራቸውን አስታወቁት።

ፀደንያን ግን አላስቸገራትም። ትምህርት ቤቷ በር ላይ አልቆመም። ስታልፍ ካያት ከመቀመጫው ይነሣል፤ እሷም ራሷን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች። ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

በጥቅምት አንድ ቀን ጀልባውን አስሮ ሲወጣ መውረጃው ላይ ቆማ አገኛት። ከስታለች። ደህና ነህ ወይ አለችው፤ ደህና ነኝ አላት። 

«አሁንም ትፈልገኛለህ?» አለችው።

እፈልግሻለሁ ሊላት አፉን ከፈተና ተወው። ፊቱ ቀላ፤ ጆሮውም ጭምር።

«እፈራሻለሁ» አለ። «እንደዚያ ቀን ያለ ቀን ዳግም ቢመጣ፣ አንቺን ላለማጣት ብዬ አልዋሽም ብዬ መማል አልችልም። የምወድሽ እንደዚያ ነው። እሱንም እፈራዋለሁ።»

ፀደንያ ቀረብ ብላ ፊቱን መረመረች፤ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ የቀላውን ጆሮውን። አልቸኮለችም። ሰው አለፈ፣ ሰው መጣ፤ እሷ ታየው ነበር።

«ይሄ እውነት ነው» አለች በመጨረሻ። «አየሁት።»

በጥር ተጋቡ። ምናሴ ዛሬም ያችን ቅዳሜ ሲያስብ ጆሮው ድረስ ይቀላል። እሷም ወዲያው ታውቅበትና፣ ምንም ሳትለው እጁን ትይዘዋለች።