ካፓሲተሩ እስኪሞላ

ማንደፍሮን መጀመሪያ ያገኘሁት ልጮህበት ሄጄ ነው።

፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ሰቆጣ ተመድቤ ሳይንስ አስተምራለሁ። ከግድግዳው ማዶ አንድ ሰው በመቋሚያ ወለሉን ይደበድባል። ትዕግሥት የለኝም፤ በሩን በረገድኩት።

«ጌታዬ፣ ይህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን?»

የአማርኛ መምህሩ ነበር፤ የቄስ ልጅ፣ ዜማ የተማረ። በምት ግጥም እያስቆጠረ ነው።

«ትምህርት ቤት ነው፣ መምህርት። ቤተ ክርስቲያን ቢሆንማ ከበሮም ይኖር ነበር።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ምቱ እንደማይዛነፍ ልብ አልኩ። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ወስጄ ምቱን ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያየሁት። በደቂቃ ስልሳ፣ እቅጩን! ለክፍል ሙከራዬ ሰከንድ የሚቆጥርልኝ ፈልጌያለሁ፤ የእኔ ሰዓት የሰከንድ ቆጣሪ የላትም፤ የግድግዳውን ደግሞ ርዕሰ መምህሩ አላስነካም ብለዋል።

«ነገ ክፍሌ ይምጡ» አልኩት። «መቋሚያዎን እንዳይረሱ።»

አራት የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ሬዚስተር፣ ከሞተ ሬዲዮ የነቀልኩት ካፓሲተር፣ አንድ ቮልትሜትር።

«ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል» አልኳቸው ተማሪዎቼን። «ሲሞላ በመርፌው እናያለን።»

ሽቦውን አገናኘሁ። ማንደፍሮ መታ። በአሥረኛው ምት መርፌው አራት ቮልት ሊደርስ ትንሽ ቀረው። ከዚያ ተንቀራፈፈ።

«ይበቃል፣ ገብቷቸዋል» አልኩ።

«ገና አልሞላም» አለና መምታቱን ቀጠለ።

በአምሳኛው ምት መርፌው ስድስት ላይ ደረሰ፤ ሞላ።

አንቱታው በሳምንቱ ቀረ። ማታ ማታ የተማሪ ደብተር አብረን እናርማለን፤ እንቀላለዳለን። እኔ በአሥር ምት ወድጄዋለሁ። እሱ ግን ምንም አይልም!

በግንቦት ጭራሽ መምጣቱን ተወ።

«ማንደፍሮ ሽማግሌ ልኳል አሉ፣ ወደ ሩቅ አገር» አለችኝ የቤት አከራዬ እማዋይሽ።

«ለማን?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ! የትልቅ ሰው ልጅ ናት ይባላል።»

አላለቀስኩም። የሰኔን ፈተና አርሜ ሻንጣዬን አሰርኩ።

ሐምሌ አምስት ቀን በቅሎ ሲጫንልኝ፣ ማንደፍሮ በጭቃው እየሮጠ መጣ። ደብዳቤ ይዟል። የአባቴ እጅ ጽሑፍ!

«ልጄ፣ ከሰቆጣ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ጨዋ ሰዎች ናቸው። አንቺ ካልሽ እኔም ብያለሁ።»

የትልቅ ሰው ልጅ የተባልኩት እኔ ነበርኩ። አባቴ ደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊ ነው።

«መጀመሪያ እኔን አትጠይቅም?» ጮህኩበት።

«ሽማግሌ ሳይመለስ ልጅቷ ዘንድ መመላለስ በእኛ ነውር ነው፣ ያለምዘውድ።»

«ይኸው ተመለሱ። ጠይቀኝ!»

እሱ ጭቃውን ያያል። መቋሚያውን ከእጁ ነጥቄ መሬቱን መታሁ።

«አንድ... ሁለት... ሦስት...»

«ታገቢኛለሽ?»

«አዎ! ግን አንድ ዓመት ትምህርት ይቀረኛል። ትጠብቃለህ?»

«ክፍልሽ ውስጥ አላየሽኝም?»

በዓመቱ፣ ሐምሌ አምስት ቀን፣ ከኮረም በበቅሎ ሰቆጣ ገባሁ። ከከተማው አፋፍ ዝናብ እየመታው ቆሞ አገኘሁት።

«ስንት ቆጠርክ?» አልኩት ገና ሳልወርድ።

«ሦስት መቶ ስልሳ ስድስት ቀን።»

«በአንድ ተሳሳትክ! ዓመት ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ነው።»

«የሄድሽው በዘመነ ሉቃስ አልነበር? ጳጉሜን ስድስት ነበረች፣ መምህርት።»

ልክ ነው። ያቺን ቀን እኔ ዘልያታለሁ፤ እሱ ግን ጠብቋታል።

ከበቅሎዋ ወርጄ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ፣ አቀፍኩት።