ቀይ ጨርቅ ያልታሰረለት ዛፍ

ጎንዛግን ያገኙት ታካማካው ዛፍ ስር በጀርባው ተዘርሮ ነው። መሰላሉ ዛፉን ተደግፎ ቆሟል፣ ከላይ የተሰቀለው የወፍ ሣጥን በሩ ተከፍቷል፣ የሰውየው ማጅራት ደግሞ ድንጋይ ላይ ተፈርክሷል። ዕድሜውን ሙሉ ደሴቲቱን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ያየው ሁሉ «ወደቀ» አለ።

ኢንስፔክተር ማርሴት ከዋናው ደሴት ከማሄ ስትመጣ ባሕሩ አንጀቷን ገለባብጦት ነበር። ደሴት ላይ ተወልዳ ባሕር የምትፈራ ሴት ናት እንግዲህ! እሱ ሳያንስ የመጣችበት ጀልባ ሶላንዥ ደሴት አይጠጋም ተባለች። የውጭ ጀልባ አሸዋውን አይነካም። መሀል ባሕር ላይ ወደ ደሴቲቱ ጀልባ መዝለል አለ፣ ከዚያ ዝግ ክፍል ገብቶ ቦርሳን ማራገፍ አለ። አንዲት አይጥ ከገባች ፒሳንቴዝ የምትባለው ወፍ አለቀላት። ይቺ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ጥቁር ወፍ ከመሬት ነው የምትለቅመው፣ ማንንም አትፈራም። ጥፋቷም ይኸው አለመፍራቷ ነው።

ያሻገራት ባለጀልባው ፍላቪዮ ነው።

«ማዳም፣ ቁርስዎን ለዓሣ መጸወቱት?» አላት።

«ከሟቹ ጋር የተጣላኸው አንተ ነህ አሉ።»

«ማን ያልተጣላ አለ? ጎንዛግ ከጥላውም ይጣላ ነበር! ትናንት ጀልባህን አላጠብክም ብሎ ሰደበኝ፣ እኔም አልማርኩትም። በዚህ ሰው ይገደላል?»

ዝግ ክፍሉ ውስጥ ካልሲዋን ሳይቀር ስታራግፍ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚበረበረው?» አለች።

«ከዶክተር አንሪ ሣጥን በስተቀር ሁሉም» አለ ፍላቪዮ። « መሣሪያ ነው አሉ፣ ከተከፈተ ነፋስ ይመታዋል።»

ዛፉ ጋ አብሳይዋ ሄልዳ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ቆማለች። አጠገቧ የወፎቹ ተመራማሪ ዶክተር አንሪ አለ፣ ቀጭን፣ ጸጉሩ የሸበተ። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ካቴናውን አዘጋጅቶ ፍላቪዮን ፍላቪዮን ያያል።

«ይሄን ልጅ ተዉልኝ» አለች ሄልዳ። «አፉ ነው እንጂ ክፉ፣ ዝንብ አይገድልም።»

«እኔም ወደቀ ብዬ ነበር» አለ አንሪ ቀስ ብሎ። «ግን የትናንቱን ጭቅጭቅ ሰምቻለሁ። እጁ ፈጣን ነው።»

«አንተስ የት ነበርክ?» አለችው ማርሴት።

«ጠዋቱን ሙሉ ደቡብ ዳር። ሄልዳ ስትጮህ ነው የመጣሁት። ከዚያ በፊት እዚህ ዛፍ ጋ ከመጣሁ ቀናት አልፈዋል።»

ማርሴት መሰላሉን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ አንሪ ዘሎ ክንዷን ያዛት።

«ቀስ! አትነቅንቂው፣ ቅርንጫፉ ላይ እንቁላል አለ!»

ቀና አለች። ቅጠል ብቻ። ነጯ የባሕር ወፍ ጎጆ እንደማትሠራ ደሴት ላይ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ እንቁላሏን ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ትጥላለች። ማርሴት ጎንብሳ የሟቹን ኪስ ፈተሸች፤ የተቀደዱ ቀይ ጨርቆች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንቁላል ያየ ሰው ግንዱ ላይ ያስረዋል» አለች ሄልዳ። «ከዚያ ጫጩቷ እስክትበር ዛፉን የሚነካ የለም። ጎንዛግማ እንቁላል አይቶ ሳያስር ውኃ አይጠጣም ነበር።»

ግንዱ ላይ ጨርቅ የለም።

ማርሴት ጥላ ፍለጋ ፍላቪዮን አስከትላ ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ ሄዳ ተቀመጠች። አንዲት ፒሳንቴዝ እግሯ ስር መጣች፣ ናቀቻት መሰለኝ፣ ዘለል ዘለል ብላ ሄዳ አንድ ቦታ ትጭር ጀመር። አባረሯት፣ ተመለሰች።

«ምን ፈልጋ ነው?»

«የተገለበጠ አፈር ስለምትወድ ነው» አለ ፍላቪዮ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ግን እኮ አሁን መቆፈር ክልክል ነው! ይሄ መሬት ሁሉ ወፎች እንቁላል የሚጥሉበት ጉድጓድ ነው።»

ማርሴት በእንጨት ጫረችው። የሞተች አይጥ ወጣች። ፍላቪዮ «አይጥ! እዚህ ደሴት ላይ አይጥ!» ብሎ ጮኸ።

ሁሉንም ምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ጎንዛግ መሰላሉ ላይ አልወጣም» አለች። «ቢወጣ እንቁላሉን ያያል፣ ካየ ሣጥኑን ሳይከፍት ወርዶ ያስራል። ጨርቁ ኪሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ሞቶ፣ ሌላ ሰው ነው መሰላሉን አቁሞ፣ ወጥቶ ሣጥኑን የከፈተው። ሄልዳ፣ እንቁላል መኖሩን ታውቂ ነበር?»

«ዶክተሩ ሲናገር ነው የሰማሁት።»

«አንተስ ፍላቪዮ?»

«በእናቴ፣ አላየሁም።»

«ከታች አይታይም፣ ዞሬ አይቻለሁ። ዶክተር፣ አንተ ከየት ሆነህ አየኸው?»

አንሪ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ጨርቅ ብታስር ጎንዛግ ከሞተ በኋላ ሰው እንደወጣ ይታወቃል፣ ስለዚህ ተውከው። ግን እኔ መሰላሉን ስነካ አላስቻለህም። ወፍ መውደድህ አጋለጠህ። አይጧስ? እዚህ የማይከፈት ሣጥን የማን ነው?»

«ሳላውቅ ገብታ ነበር፣ ጎንዛግ ሣጥኔ ውስጥ ኩሷን አገኘ» አለ አንሪ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ለማሄ እናገራለሁ አለኝ። ስንት ዘመን የለፋሁበት... እጄን ያዘኝ፣ ገፈተርኩት። ድንጋዩን አላየሁትም ነበር።»

«ልጁን ግን አይተኸዋል» አለች ሄልዳ። «ካቴናው ሲዘጋጅለት እያየህ!» ሽርጧን ፊቷ ላይ ጣለች።

ማርሴት ጠጋ አለችው። «አሁን እውነቱን ንገረኝ። አይጧ ብቻዋን ነበረች?»

አንሪ ወደ ጫካው አየ።

«አንዷ አመለጠችኝ። እርጉዝ ናት።»

ሄልዳ ጮኸች። ፍላቪዮ ወጥመድ ፍለጋ ሮጠ።

«በሉ ጀልባው ይዘጋጅ» አለ ፖሊሱ ካቴናውን እየቆለፈ። «ገዳዩ ተይዟል፣ ነገሩ አለቀ።»

«እሱን ይዘህ ሂድ» አለች ማርሴት። ጫማዋን አጥብቃ አሰረች፣ ከጎንዛግ ኪስ ካወጣቻቸው ቀይ ጨርቆች አንዱን ይዛ ወደ ታካማካው አመራች። «እኔ ገና ነኝ። የተያዘው አንደኛው ገዳይ ብቻ ነው።»