ስሙ የተፋቀበት ሰው

ጠጋ ጠጋ በሉ። ኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? እሺ።

ጊዜው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። መንገዱ በአንድ ትልቅ ግድብ ጫፍ ላይ የምትሄድ ቀጭን መንገድ ናት። በዚህ በኩል ውሃ፣ በዚያ በኩል የሩዝ ማሳ። ቤት የለም፣ ሰው የለም። በዚች መንገድ ማዳሳሚ የሚባል ሰው ብቻውን ይሄዳል። ለምን ብቻውን? ሥራው ነዋ! የመንደሩን ውሃ በየተራ ለየማሳው የሚለቀው እሱ ነው።

አገሩ የት ነው? ሩቅ ነው፤ በህንድ ደቡብ፣ የታሚሎች አገር። ድሮ ነው። የመንደሩን ስም ተዉት።

እዚያ መንደር አንድ ልማድ ነበር፤ እሱን ካልያዛችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። ዘራፊ ከብት ሊነዳ ሲመጣ ተከላክሎ የሞተ ሰው፣ ድንጋይ ይቆምለታል። ድንጋዩ ላይ ሰውየው ከነጦሩ ይቀረጻል፤ ከራሱ በላይ ስሙ ይጻፋል። በአዝመራ በዓል ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያንን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። ለምን? ስሙ የተጠራ ሙት ያርፋል ይላሉ። ያልተጠራስ? ቆዩ፣ እንደርስበታለን።

በማዳሳሚ ዘመን ግን መጥራቱ ቀርቷል። ከድንጋዮቹ አንዱ ከውሃ መልቀቂያው አጠገብ እስከ ወገቡ ተቀብሮ የማጭድ መሳያ ሆኗል። ስሙን የሚያስታውስ የለም። ፊደሉ የጥንት ፊደል ነው፤ ማንበብ የሚችሉት ሶላይ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም የሚኖሩት ወንዝ ማዶ ነው።

አንድ ቀን የመንደሩ ሹም መጣና ድንጋዩን በእግሩ መታ መታ አደረገው።

«ይሄ ለቦዩ ድልድይ ይሆናል። አንሱልኝ።»

«ጌታዬ፣ ይሄኮ ሰው ነው» አለ ማዳሳሚ።

«ሰው ነው? ታዲያ ስሙ ማነው?»

ማዳሳሚ ወደ ፊደሉ ጎንበስ አለ።

«ጠይቀዋ! ጎረቤትህ አይደል?» አለ ከሹሙ ጋር ከመጡት አንዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። «እሺ» አለ፣ «በበዓሉ ቀን ስሙን አስነብብልኝ። ስም ካለው ይቆማል። ከሌለው ድንጋይ ነው።»

ማዳሳሚ እንዴት ደስ እንዳለው! ቆፍሮ አወጣው። ድንጋዩ ጭቃና ሻጋታ ለብሷል። እዚያ አገር ደግሞ ለአዝመራ በዓል የናስ ዕቃ ሁሉ በጎምዛዛው የሁመር ፍሬና በተፈጨ ሸክላ ይታሻል። የሚከበር ነገር ማብረቅረቅ አለበት፣ በቃ። ማዳሳሚም ድንጋዩን እንደ ናስ ዕቃ አሸው። ሚስቱ ፔቺ አብራው አሸች። ፊደሉ ምን ያህል ጥልቅ ነበር? የጥፍር ጭረት ያህል! ድንጋዩም ውሃ የበላው፣ የሚፈረፈር ነበር። ሲያሹት ነጭ ዱቄት ወረደ።

«እድፉ ለቀቀ!» አለች ፔቺ።

እድፉ ነው የለቀቀው?

በበዓሉ ቀን ሶላይ መጡ። ዓይናቸውን ወደ ድንጋዩ አስጠጉ። በጣታቸው ዳበሱ። ደግመው ዳበሱ።

«ማነው ያጠበው?»

«እኔ ነኝ፣ ታታ» አለ ማዳሳሚ ፊቱ እየበራ። ታታ ማለት በእነሱ አያቴ ማለት ነው።

«ምነው ልጄ! ምነው ባልነካኸው! ማጭዱ ያልጨረሰውን አንተ ጨረስከው።»

ድንጋዩ ቦዩ ላይ ተጋደመ። ማዳሳሚ ምን ያድርግ? የተፋቀ ፊደል ይመለሳል? አይመለስም።

ያን ቀን ማታ ውሃ ለቅቆ ሲመለስ በድልድዩ ላይ ተሻገረ። ተሻግሮ ጥቂት እንደሄደ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ቆመ። ኮቴው ቆመ። ሄደ። ኮቴው ሄደ። ከዚያ የተፈጨ ሸክላ ሸተተው። ከዚያ ቋ! ቋ! የጦር እጀታ መሬት ሲመታ። ከዚያ ከጎኑ ጥላ ወጣ። ጨረቃ ሳትኖር ጥላ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ስሜን ጥራ።»

«ቬ... ቬላን?»

ቋ!

«ካሪያን? ማራን?»

ቋ! ቋ!

የሚያውቀውን ስም ሁሉ ጠራ። የአያቶቹን ጠራ፣ የጎረቤቶቹን ጠራ፤ ስም አለቀበት።

«አላውቀውም! ላድንህ ብዬኮ ነው! ላድንህ ብዬ!»

«አውቃለሁ» አለ ድምፁ። «እንግዲያው ያንተን ስጠኝ።»

ማዳሳሚ ሮጠ። እንዴት እንደሮጠ! ቤቱ ደረሰና በሩን ደበደበ።

«ማነው?» አለች ፔቺ ከውስጥ።

እዚያ መንደር ከመሸ ስሙን ላልተናገረ በር አይከፈትም። ማዳሳሚ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እናቱ በልጅነቱ ስትጠራው ትዝ ይለዋል፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ የምትለው ግን አይሰማውም።

ሚስቴ ትጥራኝ ብሎ ጠበቀ። ፔቺ ግን እንዴት ትጥራው? በእነሱ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም በአፏ አታነሳም፤ ነውር ነው።

«ማነው ነው የምልህ! ካልተናገርክ አልከፍትም!»

ያኔ ከበስተኋላው፣ ከትከሻው በላይ፣ በራሱ በማዳሳሚ ድምፅ፣

«ማዳሳሚ ነኝ! ክፈቺ!»

ከፈተች።

ደጅ የቆሙት ሁለት ነበሩ። የገባው አንድ ነው፤ ስም የያዘው። በሩም ተዘጋ።

እናንተም ዛሬ ስትበተኑ ብቻችሁን እንዳትሄዱ። ቤት ደርሳችሁ «ማነው?» ስትባሉም «እኔ ነኝ» አትበሉ። ቶሎ ብላችሁ ስማችሁን ተናገሩ፤ ከኋላችሁ ያለው ሳይቀድማችሁ።