ሰባት ድምፅ ከአንድ ስልክ

«ሄሎ፣ ማን ልበል?» አሉ መምህር ትግሉ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብለው።

«ሷሊህ እባላለሁ። ከእርሻ ካምፕ ነው የምደውለው። እኔ የምመርጠው ሙሚናን ነው።»

አይናለም ከፊቷ ያለውን ስክሪን አየችና እስክሪብቶዋን አቆመች። በሁለተኛው መስመር ላይ የሚታየው ቁጥር መጨረሻው 47 ነው። ይኸው ቁጥር ከአሥር ደቂቃ በፊትም ደውሎ ነበር፤ ያኔ ግን ደዋዩ ስሜ ማተቤ ነው ብሏል። ከዚያ በፊት ደግሞ አንዲት ሴት በዚሁ ቁጥር ደውላለች። ሦስቱም የመረጡት ሙሚናን ነው። ሰውየው ስልኩን ሲዘጋ ቁጥሩ ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። አይናለም ግን ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። ከጎኑም ትንሽ ኮከብ አደረገችበት።

በገንዳ ውሃ ከተማ የማህበረሰብ ሬዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ ጌትዌይ የሚሉት ግራጫ ሳጥን አለ። አራቱን የስልክ መስመሮች ወደ ስቱዲዮው የሚያሻግረው እሱ ነው። ከሳጥኑ ጋር የተያያዘው ኮምፒውተር በዚያች ሰዓት መስመር ላይ ያለ ሰው በየትኛው ቁጥር እንደደወለና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ያሳያል። ጥሪው ሲያልቅ ግን ወዲያው ያጠፋዋል። ስለዚህ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ መጻፍ አለበት። ይህን ሥራ ከአይናለም የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። እሷ ግን አንዳንዴ ለራሷ፣ «ጎበዝ የሆንኩት ማንም በማያየው ሥራ ነው» ትላለች።

እሷና ሙሚና አሥረኛ ክፍል ናቸው። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት የሚተላለፈውን የታዳጊዎች ፕሮግራም በተራ ይመሩታል። አንዷ ማይክሮፎኑ ላይ ስትሆን ሌላዋ ስክሪኑ ላይ ትቀመጣለች። አይናለም በተራዋ አድማጮችን እንቆቅልሽ ትጠይቃለች። አብረው ነው የጀመሩት። ሰው የሚያውቀው ግን ሙሚናን ነው። ገበያ መሀል ሲያልፉ ባለባጃጆቹ ጥሩምባ እየነፉ «ሙሚና!» ይሏታል። ነጋዴው አባቷ አብዱረሕማን ከሱዳን ደንበኞቹ ጋር ሲያወራ ሰምታ ያደገችበትን ዓረብኛ ከአማርኛው ጋር ስታፈራርቀው፣ ድንበር ላይ ያለውም ሰው ያዳምጣታል።

አይናለምን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ግን የእናቷ ነገር ነው። እናቷ ሀብትነሽ ነርስ ናት። አንድ ቅዳሜ ጋዋኗን እየተኮሰች ሬዲዮ ስትሰማ ቆይታ፣ «ይህች ልጅ እንዴት ያለ ለዛ ሰጥቷታል!» አለች። ቀና ስትል አይናለምን በሩ ላይ አየቻት። «ያንቺም ጥሩ ነው» ብላ ጨመረች። ያቺ «ም» ለስንት ቀን ከጆሮዋ አልወጣ ብላት ሰነበተች።

ዛሬ ደግሞ አድማጭ የሚመርጥበት ቀን ነው። ከሁለቱ አንዷ ጎንደር ሄዳ ለሁለት ሳምንት የሬዲዮ ሥልጠና ትወስዳለች። ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ። ሁለቱም ተወዳዳሪ ስለሆኑ ማይክሮፎኑን ፕሮግራሙን የሚከታተሉት የትምህርት ቤታቸው መምህር ትግሉ ያዙት። አይናለም ቁጥሮቹን ትጽፋለች፤ ሙሚና ደግሞ ድምፁን ትቆጥራለች።

ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሲል በ47 የሚያልቀው ቁጥር ሰባት ጊዜ ገብቶ ነበር። ሰባቱም ለሙሚና። ከዚያ ስምንተኛ ጊዜ መጣ።

«ጌች እባላለሁ» አለ አንድ ወጣት። ከኋላው ሰዎች ሲስቁ ይሰማል። «እኔ እንኳ አይናለምን ነው የምመርጥ።»

አይናለም ቁጥሩን ከገጹ ግርጌ ጻፈችው። ኮከብ ግን አላደረገችበትም።

ቆጠራው ሲያልቅ ሙሚና አሥራ ዘጠኝ፣ አይናለም አሥራ አራት አገኙ። ሙሚና እየዘለለች መጥታ አቀፈቻት። የሱዳን ሽቶዋ አፍንጫ ላይ ይቀራል።

«አይናለምዬ፣ የተማርኩትን ሁሉ መጥቼ አስተምርሻለሁ፤ ወላሂ!»

አስተምርሻለሁ። አይናለም ከእቅፏ ወጣች።

«ቲቸር» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ከሙሚና ድምፅ ሰባቱ የመጡት ከአንድ ስልክ ነው።»

መምህር ትግሉ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አጎንብሰው አዩት። ኮከቦቹን በጣታቸው ቆጠሩ። «በዚህ ቁጥር የገቡት እነዚህ ብቻ ናቸው?»

የአይናለም መዳፍ ከገጹ ግርጌ ላይ አርፎ ነበር። አላነሳችውም። «አዎ።»

«ሙሚና፣ የማን ስልክ ነው?»

«አላውቀውም ቲቸር! ወላሂ አላውቀውም!»

«አጎቷ የሰሊጥ እርሻ አለው» አለች አይናለም ቀስ ብላ።

መምህሩ ወደ ቁጥሩ ደወሉ። ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው የሚል መልስ መጣ። ደገሙት፤ ያው ነው። በረጅሙ ተነፈሱና፣ «ሰባቱን እንደ አንድ ከመቁጠር ሌላ ምርጫ የለኝም» አሉ። «ሙሚና አሥራ ሦስት። አይናለም አሥራ አራት። ስሙን ማክሰኞ ወደ ጎንደር እልካለሁ።»

ሙሚና ሻሿን አስተካክላ ወጣች። አይናለም በዚያች ቅጽበት የተሰማት ደስታ ነው። እውነተኛ፣ ሙቅ ደስታ።

ሰኞ ጠዋት ወሬው ትምህርት ቤቱን አዳርሶት ነበር። «ሙሚና ሰባት!» ይላሉ ወንዶቹ ስታልፍ። አንዱ ደግሞ ጣቱን እንደ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ድምፁን እየቀያየረ፣ «ሄሎ፣ እኔ ነኝ! ሄሎ፣ አሁንም እኔው ነኝ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሙሚና ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ቀረች። በዕረፍት ሰዓት ቦርሳዋን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

«አሁን ደስ አለሽ?» አለቻት ከኋላ የምትቀመጠው መጂዳ።

«እኔ ምን አደረግኩ? ያጭበረበረችው እሷ!»

«የማን ስልክ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፤ ግን...»

«ተይ ባክሽ። ቅናት ነው።»

አይናለም ከትምህርት ቤት እንደወጣች እናቷ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሄዳ ሞባይል ተዋሰች። ስልኩ የሙሚና አጎት ወይም የእርሻው ዘበኛ መሆኑን ካረጋገጠች የመጂዳን አፍ ታስዘጋለች። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆማ ደወለች። አይሠራም። ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከረች። በአራተኛው ጠራ።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለች አንዲት ሴት እያለከለከች።

«ከገንዳ ውሃ ነው። ቅዳሜ በዚህ ስልክ ወደ ሬዲዮ የደወለ ሰው ነበር?»

«አንድ ሰው? ኧረ ስምንት ነን ልጄ!» ሴትየዋ ሳቀች። «እኔ ውዴ እባላለሁ፤ የካምፑ ወጥ ሠሪ ነኝ። እዚህ ስልክ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ኔትወርክ ያለውም ጉብታው ላይ ብቻ ነው። ልጆቹ ማጭዳቸውን አስቀምጠው ተሰልፈው ወጡልሽ። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ለሌላው እያቀበለ።»

«ምረጡ ያላችሁ... የሙሚና አጎት ነው?»

«የምን አጎት? የእኛ ባለ እርሻ ጎንደር ነው የሚኖር፤ ሬዲዮም አይሰማ። ሷሊህ ነው እንጂ ‹እንምረጣት› ያለን። ክረምቱን ሙሉ ወንድሙ ጠፍቶበት፣ ሞቷል ብሎ ሲያለቅስ ከረመ። ያቺ ልጅ ስሙን በአማርኛም በዓረብኛም እየደጋገመች ስትጠራ፣ ድንበር ላይ የነበረ ሱዳናዊ ሰምቶ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ታሞ ተኝቶ አገኘው። እሷን ሳንመርጥ ማንን እንምረጥ?»

አይናለም ያን ቀን አስታወሰች። ስክሪኑ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሙሚና የጠፉ ሠራተኞችን ስም ስታነብ፣ እሷ «ምን ታሰለቸናለች» ብላ ከደብተሯ ጥግ አበባ ትሥል ነበር።

«ደግሞ አንድ ጌች የሚባል አስቸጋሪ ልጅ አለን» ቀጠለች ውዴ። «‹እኔ ሌላዋን ነው የምመርጥ፤ እንቆቅልሿ አንድ ቀን እንኳ ተፈቶልኝ አያውቅም› ብሎ አሳቀን። እና ልጄ፣ ሙሚና አለፈች? የሬዲዮኑ ባትሪ ድንጋይ አልቆብን መጨረሻውን አልሰማን።»

አይናለም የኒሙን ቅርፊት በጥፍሯ ላጠች። «ገና... ነገ ይታወቃል።»

«እሰየው። አንቺስ ማን ነሽ?»

ዝም ብላ መዝጋት ትችል ነበር። «አይናለም ነኝ» አለች።

«ያቺ አይናለም? ባለ እንቆቅልሿ? ወይኔ፣ ጌች ይህን ሳይሰማ! ጠብቂ፣ ልጥራው...»

«አይ፣ ሌላ ጊዜ እደውላለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ስልኩን ዘጋች። ውዴ ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ሌላ የሚያውቅ የለም። መምህሩ ሁለት ጊዜ ሞክረው ትተውታል፤ ቁጥሩ ያለው በእሷ ደብተር ነው። እስከ ነገ ዝም ብትል ሁሉም ነገር ያልቃል። ደግሞ ያልሆነ ነገር አልተናገረችም፤ ሰባቱ ጥሪ በእርግጥ ከአንድ ስልክ ነው የመጣው። ይህን ለራሷ ሦስት ጊዜ ነገረችው። ከዚያ ሞባይሉን ለእናቷ መልሳ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

መምህር ትግሉ በመምህራን ክፍል ውስጥ ፈተና ያርማሉ። ደብተሩን ከፍታ ከፊታቸው አስቀመጠችና የገጹን ግርጌ በጣቷ አሳየቻቸው። ከዚያ ስለ ጉብታው፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ሷሊህ ወንድም ነገረቻቸው።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም መደወሌን መቀጠል ነበረብኝ» አሉ። «የምትሄደው ሙሚና ናት ማለት ነው። ገብቶሻል?»

አይናለም ወደዚያ ስትመጣ፣ እውነቱን ስለተናገርሽ ሁለታችሁንም እልካለሁ ይሉኝ ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። አላሉም።

«ገብቶኛል። ለሙሚና እኔ ልንገራት?»

«ንገሪያት።»

የእነ ሙሚና ቤት ከሱቃቸው ጀርባ ነው። እናቷ ሐሚዳ ጨርቅ እያጠፉ ነበር። አይናለምን ሲያዩ እንደ ወትሮው «ግቢ የኔ ልጅ» አላሏትም። ወደ ውስጥ ተጣሩና ሥራቸውን ቀጠሉ። ሙሚና ዓይኗ አብጦ ወጣች፤ በሩን ይዛ ቆመች።

አይናለም ሁሉንም ነገረቻት። ስምንተኛውን ጥሪ ስትነግራት ሙሚና ቀና አለች።

«ለምን ደበቅሽው?»

«ስለቀናሁብሽ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ያሰበችውን ያህል ረጅም አልነበረም። ሙሚና ግን የተመታች ያህል ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«በምኔ?»

«ሰው ሁሉ ስለሚወድሽ። እናቴ እንኳ...»

«ለቲቸር መናገርሽ ጥሩ ነው» አለች ሙሚና። «ግን ‹ሙሚና ሰባት› እያሉ ሲስቁብኝ የዋሉት ቲቸር አይደሉም። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ነው።» በሩን ዘጋችው፤ በኃይል አይደለም፤ ቀስ ብላ።

አይናለም ያን ምሽት እራት ሳትበላ ተኛች። ቅናቱ አልወጣላትም። ሙሚና ጎንደር ስትደርስ፣ ስቱዲዮ ስታይ፣ ይታያታል፤ አሁንም ያማታል። ከእሱ የባሰው ግን ያ ቀስ ብሎ የተዘጋው በር ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ትምህርት ቤት ደረሰች። ተማሪው ተሰለፈ፤ መዝሙሩ ተዘመረ፤ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቀለ። ርዕሰ መምህሩ ማስታወቂያቸውን አንብበው ጨረሱ። መምህር ትግሉ ወደ አይናለም አዩ፤ ግን አልጠሯትም። ሙሚና ከሁለት ሰልፍ ወዲያ መሬት መሬት እያየች ቆማለች።

አንድ ሺህ የሚሆን ተማሪ ወደ ክፍል ለመግባት መንቀሳቀስ ጀመረ።

«አንዴ ቆዩ!» አለች አይናለም። ማንም አልሰማትም። ከሰልፉ ወጣችና በሜዳው መሀል አልፋ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደች።