አስራ አራተኛው ዘፈን

የሙዚቃ አቀናባሪው ዕዝራ ሞቶ የተገኘው እሁድ ጠዋት ነው፤ በገዛ ስቱዲዮው ወለል ላይ በጎኑ ተኝቶ፣ ጭንቅላቱ ከድምፅ ማጉያው የብረት እግር አጠገብ። ያገኘችው በራሷ ቁልፍ ከፍታ የገባችው ዘፋኝ ሰልዋ ናት። ኢንስፔክተር አስካለ ስትደርስ ሰልዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታና መልሳ ታስር ነበር።

ስቱዲዮው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ ከፈረሳ የተረፈ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳውም በሩም በስፖንጅ ታፍኗል። በሩ ሲዘጋ ራሱን ይቆልፋል። ከዚያ ክፍል የሚወጣው ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም ወለሉን አልፎ ከሥር ያለውን ካፌ ያንቀጠቅጣል።

«ተገፍቶ ነው» አለ ሐኪሙ። «የሸሚዙ ሁለት ቁልፎች ተበጥሰዋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ደግሞ ወዲያው አልሞተም፤ አንድ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ቆይቷል። ሰው ቢደርስለት ይተርፍ ነበር።»

አስካለ የመጨረሻውን ባልሰማሁ አለች በልቧ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ አለቃዋ የኪቦርድ ተጫዋቹን ፍትዊን አሰረ። «አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ደረጃውን ሲወጣ ታይቷል። በስልክም ሰድቦታል። ነገ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ። ሌላ ሰው ካለሽ ዛሬውኑ አምጪ» አላት።

ፍትዊ ክሱን ለመካድ እንኳ ጉልበት ያጣ ይመስል ነበር።

«አስራ አራት ዘፈን ሁለት ዓመት ሠራን» አለ። «ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ‹አልበሙ ቀርቷል፤ አምስቱ ብቻ በኢፒ ይወጣሉ፤ ምክንያቱን እሁድ ስንገናኝ እነግራችኋለሁ› ብሎ ጻፈልን። ደውዬ ሰደብኩት። ከዚያ ጸጸተኝና ልታረቀው ሄድኩ። አንኳኳሁ፣ አልከፈተልኝም። አኩርፎ ነው ብዬ ተመለስኩ።»

«ይህን ማን ያምንሃል?»

«ማንም» አለ ፍትዊ። «እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም።»

ሰልዋ ቅዳሜን የዋለችው ስድስት ኪሎ አንድ ሠርግ ላይ ስትዘፍን ነው፤ ሦስት መቶ ሰው አይቷታል። አስካለ ከእሷ የፈለገችው ሌላ ነገር ነበር።

«እስቲ ይህን ኢፒ የሚሉትን አስረጂኝ። እኔ ካሴት ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ።»

«ነጠላ ዜማ አንድ ዘፈን ነው። ኢፒ አራት አምስት ይይዛል። አልበም ከአስር በላይ።»

«ነጠላ፣ ጋቢ፣ ቡልኮ በይኛ።»

ሰልዋ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው አፈረች። «እንደዚያው ነው። አሁን ሁሉም ነጠላ ነጠላ ይለቃል፤ ሰው ትዕግሥት የለውም። ዕዝራ ግን የቡልኮ ሰው ነበር። አልበም መክፈቻና መዝጊያ ያለው ቤት ነው ይላል። ሊያሰማሽ ሲል ቁጭ ያደርግሻል፤ ዘፈኖቹ አልቀው ዝም እስኪል መናገር የለም። ብታስነጥሺ እንኳ ከአንድ ይጀምርልሻል።»

«እንዲህ ያለ ሰው ታዲያ እንዴት አልበሙን ቆረጠው?»

«እኔም ይህንኑ ልጠይቀው ነበር የመጣሁት።»

ሦስተኛው ሰው ጋሽ ሐድጉ ናቸው፤ የአልበሙ ግጥም ጸሐፊ። አስካለ በልጅነቷ ከአባቷ ካሴት ግጥሞቻቸውን በቃሏ ይዛ ነበር። ቤታቸው ስትገባ እጅ ነሥታ ተቀመጠች። ሽማግሌው በላስቲክ የታሰረች አሮጌ የቁልፍ ስልካቸውን በእጃቸው ያገላብጣሉ።

«ቅዳሜ ጠርቶኝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄድኩ» አሉ። «አስቀመጠኝ፤ ሰማሁ። መዝጊያው፣ አስራ አራተኛው ላይ፣ የልጄ የኢየሩስ ድምፅ አለ። ሳትሞት እዚያው ቀርጻው የነበረ ነው። አውጣልኝ ብዬ ስንት ወር ለመንኩት። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ድምፅዋ ድንገት ቢመጣብኝ ምን እሆናለሁ? እሱ ግን ‹አልበም ያለ መዝጊያ አይወጣም፣ ጋሼ› ይለኛል።»

«ታዲያ ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ እስከ መጨረሻው ሰማኋት። አለቀስኩ፤ ይቅር አልኩት። አስር ሰዓት አልፎ በሰላም ሸኘኝ።»

አስካለ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጉልበታቸውን ነካ አድርጋ ወጣች። በሩን ካለፈች በኋላ ግን ቆም አለች። ዞር ብላ ልትመለስ አሰበች፤ አልተመለሰችም። የተሳሳትኩ እኔ ልሁን እያለች ወደ ድልድዩ ወረደች።

የካፌዋ ባለቤት ሸሪፋ ባንኮኒውን እየወለወለች ነበር።

«ቅዳሜ ከላይ ሙዚቃ ነበር?»

«መቼ ጠፍቶ ያውቃል፣ እህቴ! ቤዙ ሲጀምር ሲኒዎቼ ይንጫጫሉ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ዝም ይላሉ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመረ። ሁለቴ ዝም ብለው ተነሡ፤ ሦስተኛው ላይ ግን ከመሀል ቀጥ አለ። ዳግመኛም አልተሰማ። እኔማ ዛሬስ ገላገለኝ ብዬ…» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አፌን በቆረጠው።»

አስራ አንድ ሰዓት ላይ አስካለ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበች። ፍትዊ በካቴና መጣ። ሸሪፋ ከሰልዋ ጎን ቆመች። ጋሽ ሐድጉ ቅዳሜ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ዕዝራ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አልበሙን ኢፒ አደረገው» አለች አስካለ። «ለፍትዊና ለሰልዋ በቴሌግራም ጻፈ። የጋሽ ሐድጉ ስልክ ቴሌግራም አያውቅም። ባለሙያችን ኮምፒዩተሩን አይቷል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተከፈተው የአምስቱ ፋይል ነው፤ እሱም ሦስተኛው ላይ ቆሟል። የአስራ አራቱ ፋይል ከሐሙስ ወዲህ አልተነካም። የሸሪፋ ሲኒዎችም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው። አሁን እንስማ።»

ከፈተችው። ሃያ አንድ ደቂቃ ማንም አልተናገረም፤ የሟቹ ሕግ ገና አልተሻረም ነበር። በእያንዳንዱ ዘፈን መሀል የጋሽ ሐድጉ ጣቶች የወንበሩን ክንድ ይጨብጣሉ፤ መልሰው ይለቃሉ። አምስተኛው አለቀ።

«ቀጥዪ እንጂ» አሉ።

«አለቀ፣ ጋሽ ሐድጉ።»

«ኢየሩስስ?»

«የለችም። እርስዎ አስራ አራተኛውን ሰማሁ ያሉት እንዳለች ስላሰቡ ነው። ዕዝራ አልበም ያለ መዝጊያ አይወጣም ብሎ ያምን ነበር። እሷን ሊያወጣልዎ አልበሙን ራሱን ተወው። የፋይሉን ስም ይመልከቱ፤ ‹ለጋሼ› ብሎታል።»

ሽማግሌው ወደ ኮምፒዩተሩ አላዩም።

«እየሳቀ ነበር» አሉ። «‹እስከ መጨረሻው ይስሙኝ፣ ጋሼ፤ ከዚያ ይመርቁኛል› አለኝ። ዘፈን ባለቀ ቁጥር ልጄ እየቀረበች መሰለኝ። ሦስተኛው ላይ ልዘጋው ተነሣሁ፤ ያዘኝ። ሸሚዙን ይዤ ገፋሁት፤ ወድቆ ራሱን መታ። አልተንቀሳቀሰም። ሞቷል ብዬ ሙዚቃውን አጠፋሁና በሩን ስቤ ወጣሁ። ለምን አልነገረኝም?»

ፖሊሱ ክንዳቸውን ደግፎ ሲያስነሣቸው አስካለ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ዘፈኖቹስ?» አለች ሰልዋ።

«ኮምፒዩተሩ ኤግዚቢት ነው። ሁሉም አብረው ይታሸጋሉ።»

የፍትዊ ካቴና ተፈታ። እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። «ወዲያው አልሞተም ብለው ነግረውኛል» አለ። «እኔ ሳንኳኳ በሕይወት ነበር ማለት ነው?»

ፍትዊ ወጣና በሩን ከውጭ ዘጋው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ስፖንጁ ውስጥ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ የሰው እርምጃ፣ ሦስት ጊዜ ድም፣ ድም፣ ድም አለ። ሰልዋ ጫማዋን አየች።

አስካለ ትንሽ ጠብቃ ከፈተችለት።

«ሳንኳኳ ይሰማል?» አላት።

ሃያ ዓመት ሰውን እውነቱን ተናገር ስትል የኖረች ሴት ናት።

«አይሰማም» አለችው።